በቀለበት የታጠረች በራሪ

መስከረም 28 ቀን

ይድረስ ለሚስቴ ወንድም፣ ለሬዲዮ ጠጋኙ

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬን ካነሣህብኝ ያው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮ የቀጠቀጠ ሰው ጆሮ ከዚህ በላይ አይሠራም። ስለዚህ ስልክ አትደውልልኝ። ባለፈው አንተም እየጮህህ፣ እኔም እየጮህኩ፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ የተጣላን መስሏት ልትገላግል መጣች። ከዚያ ሁሉ ጩኸት የሰማሁት “ሳጥን” የሚለውን ብቻ ነው። መጻፍ ይሻለናል። እህትህ በሕይወት ሳለች ደብዳቤ የምትጽፍልኝ እሷ ነበረች። እኔ ከጎኗ ቆሜ እናገራለሁ፣ እሷ ስድቡን እየቀነሰች ትጽፋለች። አሁን የሚቀንስ የለምና እንደ ወረደ ተቀበለው። ፊደሌ ከተንጠባጠበም በትልቅነቴ የተማርኩት መሆኑን አትርሳ።

ድሮን ያልከው የበራሪት መሥሪያ ሳጥኑ ደርሷል። የአውቶቡሱ ሹፌር እጄ ላይ ነው ያስረከበኝ። አራቱም ሞተሮች ደህና ናቸው፤ ቦርዱም፣ ባትሪውም፣ ሪሞቱም አልተነኩም። ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ ቤት ተቀምጬ ከግድግዳ ጋር እንዳልፋጠጥ ብለህ እንደላክኸው ገብቶኛል። እንዳልገባኝ ሆኜ ልመልስልህ ነበር፣ አላስቻለኝም። በዚህ ዕድሜ የሚበር ነገር መሥራት ያምርህ ይሆን ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አዎ፣ ያምረኛል። አሸንዳና ባልዲ ስሠራ አረጀሁ። የሠራሁት ሁሉ ወይ ጣራ ላይ ተንጠለጠለ ወይ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚነሣ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህና ከሻጩ ጋር ተነጋገርበት። ከአራቱ የማራገቢያ ክንፎች ሁለቱ ብልሽት ናቸው። ጥምዝማዛቸው ወደ ተቃራኒ ነው። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁለቱ እንዲህ፣ ሁለቱ እንዲያ ያያሉ። ሞተሮቹም እንደዚያው፤ ሁለቱ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ሁለቱ ወደ ግራ ይዞራሉ። አታለውሃል። አትጨነቅ፣ አስተካክዬዋለሁ። ብልሽቶቹን አውጥቼ በደህናዎቹ ልክ ሁለት ክንፍ ከቆርቆሮ ቆረጥኩ። የሁለቱን ሞተሮች ገመድም አቀያየርኩና አሁን አራቱም ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ። ብታያቸው ከአንድ እናት የተወለዱ ይመስላሉ። አራት እግር ያለው ዕቃ ታዝዞ ሁለቱን እግር ገልብጦ የሚሠራ ባለሙያ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ስለ ልጄ ለጠየቅከኝ፣ ያው ናት። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከሆነች ወዲህ እኔንም እንደ ተማሪ ነው የምታየኝ። ብቻዬን መኖሬን አልወደደችውም። እሷ ዘንድ ሄጄ፣ ፎቅ ላይ ወጥቼ፣ ትርፍ ክፍሏ ውስጥ እንድቀመጥ ትፈልጋለች። ክፍሉን ቀለም አስቀብታለች አሉ። “አንድ ነገር ብትሆን፣ አንዲት ነገር፣ በዚያው ቀን መጥቼ እወስድሃለሁ” ብላኛለች። ምንም አልሆንም አልኳት። እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው እህትህ እንደ ወጣችው ነው።

እሑድ ጠዋት ጓሮ ውስጥ አስነሣታለሁ። የሆነውን እጽፍልሃለሁ።

የእህትህ ባል
ቆርቆሮው


ጥቅምት 2 ቀን

ለእህቴ ባል፣ ለቆርቆሮው

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ አሟላለሁ። ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

እባክህ እንዳታስነሣት። ክንፎቹ ብልሽት አይደሉም። ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ መዞር አለባቸው፤ አንዱ ጥንድ የሌላውን ጉልበት የሚይዘው እንደዚያ ነው። አራቱም ወደ አንድ ወገን ከዞሩ እሷ ራሷ በተቃራኒው ትሾራለች፣ በሪሞትም አትገዛልህም። ጥፋቱ የኔ ነው። ወረቀት ላይ ልጽፍልህ አስቤ፣ ይሄማ ለቆርቆሮው አይጠፋውም ብዬ ተውኩት።

የቆርቆሮ ክንፎቹን ግን ዛሬውኑ አውልቅ። የላክሁልህ ፕላስቲክ ቢመታህ ይገርፍሃል። ቆርቆሮ አይገርፍም።

ለሰፊዋ ደውዬ ነበር፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሹፌሩ ቅዳሜ ማለዳ አደርስልሃለሁ ብሏል። እንዳታስነሣት።

ሬዲዮ


ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለሬዲዮ

እንደምን ሰነበትክ። ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰኝ። አውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ አድሮ ነው አለኝ ሹፌሩ፤ ይቅርታም ጠይቆኛል፣ አትቆጣው።

በራሪቱ እሑድ ተነሥታ ነበር። ተነሥታም እንደ እንዝርት ሾረች። ስለ ቀኝና ግራው ትክክል ነህ። ይሄን አንድ ጊዜ ጽፌልሃለሁ፣ ሁለተኛ አልጽፈውም።

አንድ ክንድዋ ተሰብሯል፣ ቦርዱ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ የተንጋደደው የጠረጴዛው እግር ስላጠረ ነው። ደብዳቤዬም ያጠረው ለዚሁ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

ልጄ ብትደውልልህ ደህና ነው በላት። ካልደወለች አንተ አትደውል። ሰፊዋንም ምንም አትጠይቃት፣ ወሬ ትወዳለች።

ቆርቆሮው


ጥቅምት 17 ቀን

ለቆርቆሮው

ያንን ጠረጴዛ አውቀዋለሁ። ካርታ ስንጫወት ስንት ዓመት በቡጢ መትተነዋል፤ በሬ ቢቆምበት አይነቃነቅም። ፊደልህ በሙሉ ወደ ተሳሳተው ወገን ነው ያዘመመው። በግራ እጅህ ነው የጻፍከው።

ሰፊዋን ጠየቅኳት። ወሬ ትወዳለች ያልከው እውነት ነው፣ እግዜር ይስጣት። ፎጣ ጠቅልላልህ ሐኪም ዘንድ ስትወስድህ መንገዱን ሙሉ “ጭረት ናት” እያልክ፣ ፎጣው ግን ቀይ ሆኖ እንደ ነበር ነገረችኝ። ሐኪሟ ያለችውን ግን አታውቅም። አስወጥተሃታል አሉ።

እኔ የእህቴን ባል በአማላጅ አልሰማም። እውነቱን ራስህ ጻፍልኝ። በግራህም ይሁን፣ በፈለግከው ይሁን።

ሬዲዮ


ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ ለሬዲዮ

እውነቱን ጻፍ ካልክ ይኸውልህ።

እሑድ ስትሾር ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ሄደች። መጋረጃውን የሰቀለችው እህትህ ናት፣ ከዚያ ወዲህ አልተነካም። እጄ ከሐሳቤ ቀደመና ያዝኳት። የያዝኩት በቆርቆሮው ክንፍ በኩል ነበር። ክንፉን ስሠራው ጠርዙን ደህና አድርጌ አስልቼዋለሁ፤ ደህና መሥራቴን በእጄ አረጋገጥኩ።

የቀኝ እጄ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ናቸው። ጅማታቸው ተበጥሶ ነበር። ሐኪሟ ቀጥላ ሰፍታዋለች፤ እንደ ልጄ ያለች ወጣት ናት፣ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም። ፋሻው ሲፈታ ይለያል ትላለች። ጣቶቹ ከታጠፉ ታጠፉ፣ ካልታጠፉ ግን እጄ ከእንግዲህ አይጨብጥም። መቀስ መያዝ ይቅርና በር ከፍቶ መግባት፣ ዳቦ መቁረጥ፣ ምጣድ ከእሳት ማንሣት ሁሉ ጭንቅ ይሆናል። ሰፊዋ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ ምግብም በአጥሩ ታቀብለኛለች። እኔ በሰው እጅ ጎርሼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ሰሐኑን አጥቤ ነው የምመልስላት፣ በአንድ እጄም ቢሆን።

ይሄን ልጄ ካወቀች አለቀ። ክፍሉ ተቀብቷል። አንዲት ነገር ብላ ነበር፣ ይኸው ሁለት ጣት ሆነ። ጣቶቹ እስኪለይላቸው ብቻ ዝም በልልኝ። ከተነሡ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ካልተነሡ ደግሞ ማንም መንገር አያስፈልገውም፣ ታየዋለች። አደራህን።

በራሪቱን ተዋት ልትለኝ አስበህ እንደሆነ፣ አልተውኩም። ግን እንደ በፊቱ አድርጌ አላስነሣትም። ቤት ውስጥ የሚቆመው ማራገቢያ በወንፊት እንደሚታጠር ሁሉ፣ አራቱም ማራገቢያዎች እያንዳንዳቸው ጥልቅ ቀለበት ውስጥ ሆነው ቢሽከረከሩ ጣት የሚገባበት አይኖርም። ከላይ ገብቶ ከታች የሚወጣው ነፋስ ብቻ ይሆናል። ሌት ተኝቼም ቀን ተቀምጬም የማስበው ይህንኑ ነው። እንዲህ ታጥራ መብረር ትችላለች ወይስ ታንቃ ትቀራለች? የምታውቀውን ጻፍልኝ። በግራ እጅ ቀለበት መጠቅለል እየተለማመድኩ ነው።

ቆርቆሮው


ኅዳር 12 ቀን

ለእህቴ ባል

በመጀመሪያ፣ አይዞህ። ይህንን ቃል ከሰው መቀበል እንደማትወድ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አንዴ ብቻ ጽፌዋለሁ።

ቀለበቱ አያንቃትም። ደህና ከተሠራ እንዲያውም ጉልበት ይጨምርላታል፤ ከክንፉ ጫፍ ሾልኮ የሚጠፋው ነፋስ መውጫ ያጣል። ግን ክንፉና ቀለበቱ እንዲቀራረቡ አድርግ። በመካከላቸው የጥፍር ውፍረት ያህል ይበቃል፣ ዙሪያውን ደግሞ እኩል ይሁን፤ በአንድ ወገን ከሰፋ ነፋሱ በዚያ ያመልጣል። የላይኛውን ከንፈር ወደ ውጭ ገልብጠው፣ አፈ ሰፊ የዘይት መቅጃ እንደምትሠራው። ነፋሱ ጠርዝ ሳይመታው ተንሸራቶ እንዲገባ ነው።

ከሁሉ በላይ ቀላል ይሁን። ከፎም ሥራው፣ ወይም ከካርቶን። ቆርቆሮ አትንካ። ይህን ስጽፍ አንተ መቀሱን እየፈለግክ እንደሆነ ይታየኛል።

ስለ ልጅቷ አደራ ብለኸኛል። ሰላም ናት። ሌላ አትጠይቀኝ።

ቀለበቶቹን ግን አታቆያቸው። መቼ እንደምትጨርስ ጻፍልኝ። በራሪት ያለ ቀለበት እንዳትነሣ፣ አንተም ቀለበቶቹን ሳትጨርስ ሌላ ነገር እንዳትጀምር።

ሬዲዮ


ኅዳር 27 ቀን

ይድረስ ለሬዲዮ

እንደምን ከረምክ። እኔ መቀሱን ፈልጌ አግኝቼ ነበር።

አራት ቀለበት ከቆርቆሮ ሠራሁ። በአንድ እጄና በጉልበቴ መካከል እያጣበቅኩ ነው የሠራኋቸው፣ ግን ብታያቸው ታፍርብኝ ነበር አልልም። ከንፈራቸው ተገልብጧል፣ ክፍተታቸው እኩል ነው። የተሰበረውን ክንድ ጠግኜ፣ የፕላስቲክ ክንፎቹንና የሞተሮቹን ገመድ ወደ ቦታቸው መልሼ፣ ባትሪውን ሰካሁና ከሩቅ ሆኜ አስነሣኋት። እንቁላል እንደ ታቀፈች ዶሮ ተቀምጣ ቀረች። አቧራውን ሁሉ አበነነችው፣ ሰፊዋ ያሰጣችውን ልብስ አቆሸሸችው፣ ራሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሰፊዋ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ “ጓሮ መጥረጊያ ሠራህ?” አለችኝ። በራሪቱን ይዤ ገባሁ።

ስለዚህ ሰማሁህ። ሰፊዋ የገዛችው አዲስ የልብስ ስፌት መኪና የታሸገበት ፎም ነበረ፤ ለመንኳት አልልህም፣ ትጥለው እንደሆነ ጠየቅኳትና አመጣችልኝ። በጋለ ሽቦ እየቆረጥኩ አራት ቀለበት አወጣሁ። ከንፈሩን ብቻ በስስ አልሙኒየም ለበጥኩት፣ ያለ እሱ እጄ አላርፍ አለኝ። አራቱ ቀለበቶች አንድ ላይ ሆነው የቆርቆሮውን አንዱን አይመዝኑም። ይህን በመጻፌ እንዳትፎክርብኝ።

ስለ እጄ ሳልነግርህ እንዳልቀር፣ ፋሻው ተፈቷል። ጣቶቹ ቀጥ ብለው ቀርተዋል፣ ምስማር ናቸው። ሐኪሟ በሞቀ ውኃ እየነከርኩ፣ በሌላው እጄ እየጫንኩ እንዳጥፋቸው አዛኛለች። የላስቲክ ኳስም ሰጥታኝ ነበር፣ እኔ ኳስ ይዤ አልቀመጥም። ፎሙን በጣሳ ላይ ስጠቀልል ግን ጣቶቼ ሳላዛቸው አብረው ይሞክራሉ። የቀለበት ጣቴ ባለፈው ሳምንት ትንሽ ጎበጥ አለች፣ ከእንቅልፉ ሳይወድ እንደሚነሣ ሰው። ትንሿ እስካሁን ደንግጣ ነው ያለችው። ለሌላ ሰው የማልናገረውን ልንገርህ፦ ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ስታገል ቆየሁና፣ ሸሚዙን ጥዬ ሹራብ አጠለቅኩ። ከዚያ ወዲህ ሹራብ ነው የምለብሰው። ሰፊዋ የበረደኝ መስሏታል። ብርድ አይደለም።

አሁን ዋናው። ልጄ ጽፋልኛለች። በትምህርት ቤት እረፍት ትመጣለች። “ናፍቀኸኛል” ነው የምትለው። አልናፍቃትም አልልም፣ ግን የእረፍት ጊዜዋን ፈተና ስታርም ነው የምታሳልፈው፤ አንድም ጊዜ መጥታ አታውቅም።

አንተ ነህ እንዴ? መልስልኝ።

ቆርቆሮው


ታኅሣሥ 5 ቀን

ለቆርቆሮው

ጥያቄህን አይቼዋለሁ። መልሱን በራሪቱ ከተነሣች በኋላ እሰጥሃለሁ።

ሙሉ የፕላስቲክ ክንፎች በሹፌሩ ልኬያለሁ። ቀይ የቀባኋቸው ግራ ዟሪዎቹ ናቸው። ብልሽት እንዳይመስሉህ።

ልጅቷ ስትመጣ እጅህን አትደብቅ።

ሬዲዮ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ይድረስ ለሬዲዮ

እፎይ። ሌላውን ቀስ ብዬ እጽፍልሃለሁ፣ አንተ ግን መጀመሪያ ይህን ቃል አንብብና ወንበርህ ላይ ደገፍ በል።

ልጄ ረቡዕ ገባች። በር ላይ የተቀበልኳት ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው። አትደብቅ ብለኸኝ ነበር፣ ደበቅኩ። በግራዬ አቀፍኳት፣ በግራዬ ሻንጣዋን ተቀበልኩ፣ በግራዬ ሻይ ቀዳሁላትና ግማሹን አፈሰስኩት። የፈሰሰውን ወለወለች፣ ተቀመጠች፣ ከዚያ በዚያ በትምህርት ቤት ድምፅዋ፣ እኔ እንኳ በምሰማው፣ “አባዬ፣ እጅህን አውጣው። ካወቅኩ ቆይቻለሁ” አለችኝ።

እንደ ተማሪ አወጣሁት። ገልብጣ አየችው፣ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ተከትላ ሄደች። ቢቆጡኝ እመልሳለሁ፤ ዝም ሲሉኝ ግን መድረሻ ነው የማጣው።

በማግስቱ ራሷ ሐኪሟ ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ እርሳስ አስያዘችኝ፣ ቀጥላ ጣቷን አስያዘችኝ፣ ከዚያ ጨብጡ አለችኝ። ጨበጥኩ። የቀለበት ጣቴ ሄዳ መዳፌን ነካች። ትንሿ መንገድ ላይ ቀረች፣ ግን ተነሥታ ነበር፣ ሁላችንም አይተናታል። ሐኪሟ ትንሿ ባትደርስም ጓደኛዋን ትደግፋለች፣ እጅዎ እጅ ነው አለችኝ። መቀስ እይዝ እንደሆነ ጠየቅኳት። ቀስ ብለው ይይዛሉ አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልጄ ወደ መስኮቱ ዞራ አፍንጫዋን ስትጠርግ አየሁና ምነው አልኳት፤ ጉንፋን ነው አለች። የእናቷ ልጅ ናት፣ እሷንም እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉ ጉንፋን ነበር የሚይዛት።

ግን እጄ ዳነ ማለት ቤቴ ዳነ ማለት አልነበረም። ከሐኪሟ ስንወጣ መንገድ ላይ ስለ ክፍሉ አነሣችብኝ። ፀሐይ ያስገባል፣ ሊፍቱ ይሠራል፣ ከታች አግዳሚ ወንበር አለ፣ ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል። እኔ ሽማግሌዎች ጋ ሄጄ ምን ላድርግ አልኳት። አልሳቀችም። ቤት ስንገባ ቁም ሣጥኔን ከፍታ ሹራቦቼን ስትቆጥር አገኘኋት። ሻንጣ ልታዘጋጅልኝ መሆኑ ገባኝና ጓሮ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ በራሪቱን አወጣኋት። ልጄ አሳየኝ አላለችኝም፣ አላሳይሽም ማለት ግን አልሆነልኝም። የተማሪ ሰልፍ እንደምትቆጣጠር ሆና፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ሰፊዋም በአጥሯ ላይ ብቅ አለች፤ ስስ ነገር በእጇ ጠቅልላ ይዛ ነበር፣ ፋሻ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅኩት። ደህና አድርጋ ታምነኛለች።

ሪሞቱን ያዝኩ። አራቱም ጀመሩ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ቀዮቹ ወደ ግራ። መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ እግሮቿ መሬቱን ለቀቁ። አልሾረችም። አልተንጋደደችም። ከአሸንዳው ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ሰው እንደ ሰቀላት ፋኖስ፣ አየር ላይ ቆመች። ድምፅዋ አይሰማኝም፣ ነፋሷ ግን ፊቴን እየመታኝ ነበር። ነጫጭ ቀለበቶቿን ከሥር ሆኜ ሳይ አፌን ከፍቼ እንደ ነበር ሰፊዋ ለሰው ሁሉ አውርታለች፤ ያውራ። ቀስ አድርጌ አወረድኳት። አወራረዷ ላይ ትንሽ ነጠረች፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው።

ክንፎቹ ገና መሽከርከር ሳያቆሙ ልጄ ቀረበችና ጎንበስ ብላ መዳፏን ቀለበቱ ላይ ከጎን አሳረፈች። ምንም አልሆነችም። ቀለበቱን ዙሪያውን ዳሰሰችው፣ ሌላውንም፣ አራቱንም ዳሰሰች። መቼ እንደ ሠራኋቸው ጠየቀችኝ። ፋሻው ሳይፈታ ጀመርኳቸው አልኳት። ማን አዘዘህ አለችኝ። እኔን ማን ያዘኛል አልኳት።

ያን ጊዜ ቀና አለች። “አባዬ፣ እኔን ያስፈራኝ መቆረጥህ አልነበረም” አለችኝ። “ከተቆረጥክ በኋላ ያንኑ ነገር መልሰህ ታደርጋለህ ብዬ ነው። የማይፈራን ሰው እንዴት ብቻውን ልተወው? ለካ ፈርተሃል።”

በሌላ ጊዜ ፈርተሃል ያለኝን ሰው አላልፈውም ነበር። አንተ ታውቃለህ። ቀለበቶቹን አየሁ።

“አዎ፣ ፈርቻለሁ” አልኳት።

ቀለል አለኝ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ ቀደም ብዬ እናገረው ነበር፣ ምናልባት።

እቀራለሁ፤ እዚሁ፣ በቤቴ። ክፍሉ ለእንግድነት ስሄድ ይሆነኛል ብላለች፣ እሄዳለሁም ብያለሁ። አንድ ነገር አስገድዳኛለች፦ በየጠዋቱ ሰፊዋ መጥታ ፊቴን ማየት አለባት፣ አይታም ለልጄ ትልክላታለች። እኔ ላም ነኝ ወይ የምቆጠረው ብዬ ተከራከርኩ። ግን ተስማማሁ።

ዛሬ ሸኘኋት። አሁን መልስህን ስጠኝ። አንተ ነበርክ ወይ?

ቆርቆሮው


ጥር 3 ቀን

ለእህቴ ባል

ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ሚስቴ ምን ሆንክ አለችኝ፤ ጭሱ ነው አልኳት። የብየዳ ጭስ አልነበረም። እኛም ቤት ያው ጉንፋን አለ መሰለኝ።

እኔ ነበርኩ። ገና አደራ ሳትለኝ ነው የነገርኳት፤ ሰፊዋ ለኔ በነገረችኝ ዕለት፣ ስልኩን ሳልዘጋ። አደራ ያልከኝ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነገሩ አልፎ ነበር፣ አልፏል ብዬ ለመጻፍ ግን ድፍረት አጣሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ “ሰላም ናት” አልኩህ።

ልጅቷ በዚያው ቀን ልትነሣ ነበር። ቃሌ ቃል ነው አለችኝ፣ በማን እንደ ወጣች ታውቃለህ። ለመንኳት። ፋሻው ይፈታ አልኳት፣ ከዚያ እረፍቱ ይድረስ አልኳት፣ በየሳምንቱ አንድ ምክንያት ፈጠርኩ። ስለ ቀለበቶቹ ግን አልተነፈስኩም። ከኔ አፍ ብትሰማው የአጎት ማባበያ ይመስላት ነበር። መጥታ በዓይኗ እንድታየው ፈለግኩ። አንተ ግን በመካከል ላይ ከቆርቆሮ ሠራሁ ብለህ ስትጽፍልኝ ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ።

ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ዳግመኛ ቢሆንም አደርገዋለሁ። እህቴ ከሄደች ወዲህ ከቤታችሁ የቀራችሁኝ ሁለት ናችሁ። በዚህ ነገር ሁለታችሁም የምትጣሉ መስሎኝ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ በግማሽ ጆሮዬ ነው የተኛሁት። አሁን እተኛለሁ።

ጠዋት ጠዋት ሰፊዋ እንዴት እንደምታይህ ጻፍልኝ።

ሬዲዮ


ጥር 11 ቀን

ይድረስ ለሬዲዮ

እንደምን አለህ። ግማሽ ቀን ተቆጣሁህ። ምሳ ስበላ አለፈልኝ። አደራ በላህ፣ ግን ጥሩ አድርገህ ነው የበላኸው። ይሄንንም ሁለተኛ አልጽፈውም።

ስለ ጠዋቱ ለጠየቅከኝ። በር ብታንኳኳ አልሰማም፣ ስለዚህ መጥታ መስኮቱ ላይ ትቆማለች። የመጀመሪያው ቀን ሁለታችንም አፈርን። እሷ መርፌዎቿን ደረቷ ላይ እንደ ሰካች፣ እኔ ፊቴን ሳልታጠብ። አለሁ አልኳት። አየሁ አለችና ሄደች። ሁለተኛው ቀን ዝም ብዬ እጄን አነሣሁላት፣ ቀኜን። በሦስተኛው ስለ ብርዱ አወራን። ሰው ጠዋት ላይ ማነጋገር ረስቼ ነበር።

ዛሬ ዘገየች። መስኮቱን ከፍቼ ጠበቅኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። አንገቴን አውጥቼ አጥሯን አየሁ፣ የለችም። በመጨረሻ አዲሱ መኪናዋ ክር በልቶባት ከሱ ጋር ስትጨቃጨቅ ኖሮ፣ እየሮጠች መጣች። የተቆጣሁት እኔ ነኝ።

“የት ቀርተሽ ነው?” አልኳት። “እኔ እኮ እዚህ አለሁ።”

የእህትህ ባል
ቆርቆሮው